እናመሰግናለን፣ ሬሊን

ኪምቦል፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 9 ቀን 1994

ይድረስ ለወይዘሮ ዳኔት ፕሩዊት፤

እርስዎም ልጅዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው ንቄዎት አይደለም፤ እጄ ለብዕር ቀርፋፋ ነው። አንድ መስመር እጽፍና ተነሥቼ ምድጃውን አይቼ እመለሳለሁ። ስልክ ቁጥር ጠይቀውኝ ነበር። ስልክ የለንም። ባለቤቴ ዱዌን አምና ሴፕቴምበር ከግድግዳው ነቀለው። ያ ስልክ የነገረንን ነግሮን ሲያበቃ እንደገና እንዲጮህ አልፈለገም።

የልጄን የሬሊንን ሞት ከአዮዋ ጋዜጣ አንብበው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። «እግዚአብሔር ጥሩ ኳስ ወርዋሪ ፈልጎ ይሆናል» ያሉትን ለዱዌን ሳነብለት ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። በክፋት እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ሰው ለሞተ ልጅ ምን እንደሚባል ስለማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው። እኔም ድሮ ለሌሎች ብያለሁ።

የጃኔልን ፎቶ ስለላኩልኝም አመሰግናለሁ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ኳሷን አጥብቃ አትይዝም፤ በጣቶቿ ጫፍ ነው የያዘቻት። ዱዌን አይቶ «ይቺ ልጅ ታውቃለች» አለ። ሬሊን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ስትወረውር ተቀባይዋ እሱ ነበር፤ ባልዲ ገልብጦ እየተቀመጠ። የባልዲ አባቶች ይሏቸዋል መሰለኝ በእናንተም አገር። ያመለጡት ኳሶች የጋጣውን በር አጎድጉደውታል።

ጃኔል በኖቬምበር ሬሊን ለነበረችበት ለአዮዋው ሃርሞን ሪጅ ኮሌጅ ቡድን ትፈርም ወይስ አትፈርም ብለው ጠይቀውኛል። ስለ ትምህርቱ የማውቀውን ልንገርዎት። ሕንጻው ያምራል። መምህራኑ ደህና ሰዎች ናቸው። ስለ ገንዘቡ ግን ይጠንቀቁ። ልጅዎ «ነጻ ትምህርት አገኘች» ብለው ለጎረቤት ከመናገርዎ በፊት ወረቀቱን ሁለቴ ያንብቡ። ኮሌጁ በማንኪያ ይሰጥና በባልዲ ይወስዳል። በሶፍትቦል ቡድኑ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ልጆች ነበሩ። ሜዳ ላይ የሚቆሙት ዘጠኝ ናቸው። የቀሩት ለምን እንደተሰበሰቡ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የእያንዳንዷ አባት ይከፍላል። ኮሌጁ ተማሪ ሲያጣ ቡድኑን ያሰፋል።

ሬሊን በዚያ ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ ስትቆይ አንድም ጨዋታ ላይ አልወረወረችም። ጋዜጣው ወርዋሪ ብሎ ጻፈላት። እኛም አላረምነውም።

ስለ አሠልጣኟ የጠየቁኝን ዛሬ አልመልስም። እጄ ደክሟል።

አክባሪዎ፣
ላቮና ክሬሲን


ናምፓ፣ አይዳሆ
ኦክቶበር 24 ቀን 1994

ውድ ላቮና፤

አንቺ ልበልሽና አትቆጪኝ፤ ሁለታችንም እናቶች ነን፣ ምን ያራርቀናል! ደብዳቤሽን አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለአለቃዬ ማለቴ ነው፣ አነበብኩለትና እሱም ዓይኑን ጠረገ። ባልዲው ላይ ስደርስ አልቻልኩም። የጃኔል አባት ባልዲም ወንበርም ላይ አልቆየ፤ ጥሎን ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። በጋራዡ ደጃፍ ፍራሽ አቁመን ነው የወረወረችው።

አሁን ወሬዬን ስሚ። አሠልጣኝ ሃልቨርሰን ሐሙስ ዕለት ቤታችን መጣች! ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ! ድንችና ሥጋ በምድጃ ጋግሬ ነበር፤ ሁለቴ ጨመረች። ከበላች በኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህኖቹን ራሷ አጠበች። «ተዪው እንጂ» ስላት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ዳኔት፣ ልጅሽን ልወስድብሽ ነው የመጣሁት፤ ሳህን ማጠብ ሲያንሰኝ ነው።» ሳቅን። ወዲያው ፊቷን ኮስተር አድርጋ «እዚያ እናቷ እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ስለ ሠላሳ ስምንቱ ልጆች ያልሽኝን ጠየቅኋት፤ ካንቺ መስማቴን አልነገርኳትም። አልሸሸችም። «ከሠላሳ ስምንቱ መሀል ኳሷን በእጇ አስይዤ እንቅልፍ የሚወስደኝ አንዲት የለችም፤ ጃኔልን የምፈልጋት ለዚህ ነው» አለች። ጃኔል ቀላች። ልጄ እንደዚያ ስትቀላ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ከቦርሳዋ ማልያ አወጣች፤ ቁጥር 22። «ይህ ቁጥር ያለ ባለቤት ቀርቶብኝ ነበር» አለች። ጃኔል እዚያው ለበሰችው፤ ለብሳውም ተኛች።

የማን ቁጥር እንደነበር የገባኝ በነጋታው ነው፤ ያንን የጋዜጣ ቁራጭ ደግሜ ሳየው። እንደማይከፋሽ ተስፋ አለኝ። እኔ በበጎ ነው የተረጎምኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋዜጣው «ሜዳ ላይ» ብቻ ነው የሚለው። ምን ሆና ነው? አሠልጣኟን ስጠይቃት እንባዋ መጣና አልቀጠልኩም። ልብ ነበር? እንደዚያ ከሆነ ጃኔልን አስመረምራታለሁ።

የምትወድሽ፣
ዳኔት


ኪምቦል፣ ነብራስካ
ኖቬምበር 5 ቀን 1994

ይድረስ ለወይዘሮ ዳኔት፤

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይጥላል።

የእኔንም ሳህኖች አጥባቸዋለች። «ልጅሽን ልወስድብሽ ነው የመጣሁት» ብላኛለች። እኛም ስቀናል። እንቅልፍ ስለሚነሷት ወርዋሪዎችም ነግራናለች፤ ሬሊንም ቀልታ ነበር። «እዚያ እናቷ እኔ ነኝ» ስትል ዱዌን እጇን ጨበጣት። አንድም ቃል አልቀየረችም፣ ወይዘሮ ዳኔት። ለእርስዎ የተጋገረ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሬሊን እንዴት እንደሞተች ጠይቀውኛል። ሌላ ሰው ዙሪያውን ይዞራል እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት አይጠይቀኝም። ስለዚህ እነግርዎታለሁ።

ቡድኑ የጥናት ክፍል አለው። ልጆቹ ከእራት በፊት እዚያ ገብተው በር ላይ ይፈርማሉ። ያልፈረመች እንዳላጠናች ትቆጠራለች። አንዷ ከቀረች በማግስቱ ቡድኑ በሙሉ ይሮጣል። የቀረችዋ ግን አትሮጥም። መቺዋ የምትቆምባት ነጭ ሰሌዳ አለች አይደል፤ እዚያች ላይ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች። ሌሎቹ ሜዳውን ዞረው ባጠገቧ ባለፉ ቁጥር ፊቷን እያዩ፣ ስሟን እየጠሩ ያመሰግኗታል። የምታስመልስም ካለች አፏን ጠርጋ፣ አመስግና ታልፋለች። አሠልጣኟ ይህን «ቤተሰብ መሆን» ትለዋለች።

ሬሊን ኬሚስትሪ ይከብዳት ነበር። ያን ቀን ያልፈረመችው መምህሩ ቢሮ ተቀምጣ ያልገባትን እያስረዳት ስለነበር ነው። ይህን የነገረኝ ራሱ መምህሩ ነው፤ ለቀብሩ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ። «ወይዘሮ ክሬሲን፣ እኔ ፈርሜላት ቢሆን ኖሮ» አለኝ። እሷም ለአሠልጣኟ ነግራት ነበር። «ቢሮው የጥናት ክፍል ነው እንዴ፣ ልጄ?» አለቻት። ሁሉንም «ልጄ» ነው የምትላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሮጡ። ሙቀቱ ዛፍ ያደርቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሬሊን ደወለችልኝ። «እማዬ፣ አንዳቸውም አላኮረፉኝም» አለችኝ። «ሁሉም አመሰገኑኝ። ክሪስቲ እንኳ፣ እግሯን እየጎተተች፣ ‹እናመሰግናለን፣ ሬሊን!› አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ እማዬ፣ እየሳቀች።» ከዚያ «የእኔን ዙር ማን ይሮጥልኛል?» አለችኝ። «ማንም መሮጥ የለበትም፣ ሂጂ ምሳሽን ብዪ» አልኳት።

እሁድ ልጆቹ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አሠልጣኟ ቤት ምሳ ይበላሉ። ሬሊን አልሄደችም። በቀትር ሜዳው ላይ ብቻዋን ወጥታ ሮጠች። እነሱ በሮጡት ልክ መሮጥ ነበር ሐሳቧ። ሣር አጫጁ ሙቀቱ ጥሏት ሲያገኛት ወደ ነጯ ሰሌዳ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

የደወለችልኝ አሠልጣኟ ናት። «ላቮና፣ ልጃችን አረፈች» አለችኝ። ልጃችን አለች። ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር።

ጠበቃ አነጋግረናል። «ማንም አላዘዛትም፤ በገዛ እግሯ ነው የሮጠችው» አለን። እውነቱን ነው። ማንም አላዘዛትም። ስለዚህ ልብ አይደለም፣ ወይዘሮ ዳኔት። ሐኪም ዘንድ ወስደው የሚያስመረምሩት ነገር አይደለም።

አይፈርሙ። የምለምንዎት ይህንኑ ብቻ ነው። ከፈረሙ ግን ለጃኔል አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ከኮሌጁ ወደ እናንተ አገር የሚሄደው አውቶቡስ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ከእህል ጎተራው ጀርባ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት ነው። በሩ አይቆለፍም። ሬሊን ቁልፍ እየጣለች ስላስቸገረችን መቆለፍ ትተን ነበር፤ አሁንም አልጀመርንም።

አክባሪዎ፣
ላቮና ክሬሲን


ናምፓ፣ አይዳሆ
ኖቬምበር 20 ቀን 1994

ውድ ላቮና፤

ፈርመናል። ከሌላ ከምትሰሚ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩልሽ። የአካባቢው ጋዜጣ መጥቶ ፎቶ አነሳን፤ ጃኔል 22ን ለብሳ፣ እኔ ከኋላዋ።

ደብዳቤሽን ጃኔል አላየችውም። ላሳያት አስቤ ነበር፤ አንቺ ብትሆኚ ታሳዪ ነበር? ለአሠልጣኝ ሃልቨርሰን ግን ላክሁላት። ስንፈርም «በእኔ ቤት መደባበቅ የለም፤ የሰማችሁትን ሁሉ አምጡልኝ» ብላናለች፤ ቃል ገብቼ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ እንደዚያ ያለ መልስ! «ያዘነች እናት የምትወቅሰው ሰው ካላገኘች ታብዳለች፤ እኔን ወቅሳ የሚቀልላት ከሆነ ትውቀሰኝ፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው» አለችኝ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን አልችለውም ነበር። ምን ዓይነት ልብ ነው!

መልእክትም ላከችልሽ። በሜይ፣ ተመራቂዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ሜዳውን አቋርጠው አበባ በሚቀበሉበት ቀን፣ አንቺና ዱዌን እንድትመጡ ትፈልጋለች። «የሬሊን ቀን» ሊሉት ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ አንቺ ትወረውሪያለሽ። ወላጆች ቋሊማ በዳቦ ይሸጣሉ፤ ገቢው ኳስ ለሚተፋው አዲስ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ላይ የሬሊን ስም ይጻፋል። ቆንጆ ሐሳብ አይደለም?

ጃኔል ደግሞ 22ን ብለብስ ይከፋት ይሆን ብላ ጠይቂልኝ አለችኝ። እስቲ ሁለት ቃል ጻፊላት፤ ካንቺ ብትሰማ ደስ ይላታል።

ላቮና፣ ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው። ሬሊን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካንቺ አነጋገር እንደገባኝ ስስ ልጅ ነበረች። ነገር ወደ ውስጥ የምታስገባ። የኔዋ እንደዚያ አይደለችም። ጃኔል ጠንካራ ናት። ደግሞም ላንቺ ልጅ የወደቀው በሌላ ልጅ ላይ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። በርሽን ስላልቆለፍሽው አመሰግናለሁ፤ ግን መንገዳችን በዚያ አይመስለኝም።

ከፍቅር ጋር፣
ዳኔት


ኪምቦል፣ ነብራስካ
ፌብሯሪ 12 ቀን 1995

ይድረስ ለወይዘሮ ዳኔት፤

ለሰላምታ ዘግይቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ ከገና በፊት ነው የጀመርኩት። በመሀል በረዶ ዘጋን፣ ዱዌን ጥርሱን ታመመ፣ የጎረቤቴ ሴት ልጅ አገባች። ሠርጉ ላይ ሙሽራዋ የወረወረችውን አበባ የተቀበለችው ከሬሊን ጋር አንድ ክፍል የተማረች ልጅ ናት። ሁሉም እኔን ያይ ነበር፤ ስለዚህ ኬክ በላሁ።

ወደ ሜዩ ቀን አንመጣም። አንድ ጊዜ ተጠርተን ሄደናል፤ ያኛውን ልንገርዎትና ይበቃኛል።

አምና በጸደይ ለእራት ጠሩን። ቡድኑ በትምህርት አማካይ ነጥቡ ከግዛቱ ትናንሽ ኮሌጆች አንደኛ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ ሰንደቅ ይሰቅላሉ፤ ከዓመት ዓመት ሲያመልጣቸው የቆየ ሰንደቅ ነው። ዱዌን የቀብሩን ልብስ ለበሰ፤ ሌላ የለውም። አሠልጣኟ ማይክራፎኑን ይዛ ተነሣች። የሬሊን ኬሚስትሪ ተጀምሮ ስላልተጨረሰ ነጥቧ ከድምሩ ወጥቷል። እንደሚያውቁት ጎበዝ አልነበረችም፤ በዚያ ላይ አንድ ትምህርት ልትወድቅ ነበር። እሷ ስትወጣ የሁሉም ከፍ አለ። አሠልጣኟ ይህንን ነው የተናገረችው። «ሬሊን ከሰማይ ሆና ነጥባችንን ከፍ አደረገችልን» አለች። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዲት ልጅ ከኋላ፣ ለእኛ ደግ የሆነች መስሏት፣ «እናመሰግናለን፣ ሬሊን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም አብረው አሉ።

ዱዌን ሹካውን ሳያስቀምጥ እስከ መጨረሻው ቆመ።

እንግዲህ ማሽኑ ላይ ስሟን መጻፍ ካማራቸው ይጻፉ። ማሽን አይደክምም።

ጃኔል 22ን ብትለብስ አይከፋኝም። ቁጥር ነው። ሁለት ቃል ጻፊላት ብለውኛል፤ ሁለቱን ቃል ባለፈው ጽፌያቸው ነበር፤ በሩ አይቆለፍም። ላሳያት አስቤ ነበር፣ አንቺ ብትሆኚ ታሳዪ ነበር ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ አዎን፣ አሳያት ነበር። ሬሊን ስስ ነበረች ያሉትን ግን አልመልስም። የሰው ቁስል በእንጨት ነው የሚነካው፤ ስለዚህ አያምም።

ከእንግዲህ ባይጽፉልኝ ደስ ይለኛል። የልጅዎን ፎቶ ልመልስልዎ አንሥቼው ነበር፤ ዱዌን «ተዪያት፣ ምን አደረገች» ብሎ መልሶ ለጠፋት።

አክባሪዎ፣
ላቮና ክሬሲን


ናምፓ፣ አይዳሆ
ሴፕቴምበር 18 ቀን 1995

ላቮና፤

አትጻፊልኝ ብለሽኛል፤ ግን ወደ ማን ልሂድ። ጃኔል ጠፋች።

ባለፈው ሐሙስ ደውላ «እማዬ፣ ሰሌዳዋ ላይ ቆምኩ» አለችኝ። ትምህርት ቤት ክሊኒክ ውስጥ ክንዷ ላይ በረዶ ይዛ ተቀምጣ ሰዓቱ አለፈባት፤ ሳትፈርም ቀረች። ምን እንዳልኳት ልንገርሽ? «የሁሉም ተራ ነው፣ ቻዪው፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። እንዲህ ያለ «እሺ» ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ነው የሚሰማኝ።

ቅዳሜ ዕቃዋ ክፍሏ ውስጥ ነው፣ እሷ የለችም። ሜዳውን ሦስት ጊዜ አስፈተሽኩ። ፖሊሶቹ «ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ ሴትዮ» ይሉኛል። አሠልጣኟ ስልክ አታነሳም። ጸሐፊዋ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ስሟ ዛሬ ጠዋት ከቡድኑ ዝርዝር ወጥቷል፤ ስለዚህ እኛን አይመለከተንም።» የዓመቱን ክፍያ ግን አይመልሱም።

ሬሊን በመጨረሻው ቀን ድምፅዋ እንዴት ነበር? ምን ምልክት ነበረው? ምን ልፈልግ? ወዴት ይሄዳሉ? አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። በደረሰሽ ቅጽበት፣ እባክሽ፣ ከየትም ሆነሽ ደውዪልኝ። ቁጥሬ ከታች አለ። አልተኛም።

ዳኔት


ኪምቦል፣ ነብራስካ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1995

ውድ ዳኔት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ስንዴው ተዘርቷል። በዚህ ዓመት ዝናቡ በሰዓቱ መጣ፤ ዱዌን መሬቱን በእጁ እያፈሰ ያሸታል። ጥርሱንም አስነቀለው፤ አሁን በወዲያኛው በኩል ያኝካል። ጎረቤቴ የልጅ ልጅ አየች፤ ቅዳሜ ልጠይቃት እሄዳለሁ።

ደብዳቤሽ ረቡዕ ጠዋት ደረሰኝ። ዛሬ ዓርብ ነው። እጄ ቀርፋፋ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ይህንንም በተራ ፖስታ ነው የምልከው።

ሬሊን ድምፅዋ እንዴት ነበር ላልሽው፣ ደህና ነበር። ትስቅ ነበር። ምልክት የለውም። ምልክት ቢኖረው ኖሮ አንቺ ከመጠየቅሽ በፊት፣ ያኔ በኖቬምበር፣ እጽፍልሽ ነበር። የጻፍኩልሽ የነበረኝን ሁሉ ነው።

ወዴት ይሄዳሉ ላልሽው ደግሞ፣ የኔዋ ወደ ሜዳው ሄደች። ያንቺዋ እሁድ በቀትር ወደ እኔ መጣች።

ሳህን እያጠብኩ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ማንም አላንኳኳም። ሬሊን ነበር የመሰለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አታውቂም? 22ን ለብሳ ነበር። ሳህኑ አመለጠኝ። «ወይዘሮ ክሬሲን? በሩ አይቆለፍም ብለዋል» አለችኝ። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ባላውቃት ኖሮ በመንፈስ አምን ነበር።

እንዴት እንዳገኘችኝ ልንገርሽ፤ ደስ ይልሻል። አሠልጣኟ የላክሽላትን ደብዳቤዬን አውቶቡስ ላይ ለልጆቹ አነበበችላቸው። ሐዘን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማስተማር ነው አሉ። ቀይ ጣሪያው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን እንደኔ አቀጠነችው፤ ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ቀልድ ሆነ። አንዷ ኳስ ካመለጣት፣ አንዷ ካለቀሰች፣ «ወደ ኪምቦል ሂጂ፣ በሩ አይቆለፍም!» ይሏታል። ጃኔል ሰሌዳዋ ላይ ስትቆም ከምስጋናው መሀል ይህንንም ብለዋታል። ሌሎቹ ቀልድ ነው የሰሙት፤ እሷ አድራሻ ሰማች። ስለዚህ መልእክቴን አድርሰሻል ማለት ነው፤ በራስሽ እጅ ባይሆንም።

የመጀመሪያውን ቀን ተኛች። ሰኞ በላች። ማክሰኞ ነዳጅ ማደያው ድረስ ወስጄ ሳንቲም ሰጠኋትና «ለእናትሽ ደውዪ» አልኳት። ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆየችና መልሳ ሰቀለችው። «ጠንካራ ነሽ ትለኛለች» አለች። አላስገደድኳትም። እኔ ልደውልልሽ እችል ነበር፤ ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፣ ቁጥርሽም ረቡዕ ደርሶኛል። ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ማታ፣ እንደማትተኚ እያወቅሁ መብራቴን አጥፍቼ ተኛሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ነው፤ ይቅርታ እየጠየቅኩሽ አይደለም።

ደህና ናት። ክንዷ አብጦ ነበር፤ ወርዷል። እዚህ ልቆይ ብላለች። ጎተራው ሚዛን ቤት ሰው ይፈልጋሉ፤ ነግሬላታለሁ። ክፍሉ ያው የሬሊን ነው፤ አንሶላውን ነው የቀየርኩት። እንድትመጪ አትፈልግም፤ ስትፈልግ ትጽፍልሻለች። እሷም እንደኔ ቀርፋፋ ናት፤ ትላንት ወረቀት ሰጠኋት፣ «ውድ እማዬ» ብላ ተነሣች። ብትመጪ በሩ አይቆለፍም። እሷ ግን ከክፍሏ ትወጣለች ብዬ ቃል አልገባልሽም። ደጃፍ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ይገባሻል።

ማልያውን አውልቃ አጥባ አስጥታዋለች፤ አሁን ሽቦው ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዱዌን ወደ ጋጣው ገባና ባልዲውን ይዞ ወጣ። አራግፎ ገለበጠው፤ ተቀመጠበት። ጃኔል በበሩ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ወጣች። ያልታመመውን ክንዷን ብቻ እያወዛወዘች፣ በቀስታ፣ እንደ ሕፃን፣ ወረወረችለት። እሱ «ደግሚ» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ይህንን የምጽፍልሽ በመስኮት እያየኋቸው ነው፤ ኳሷ የጋጣውን በር ስትመታ እየሰማሁ።

ዱዌንም እኔም እናመሰግናለን፣ ዳኔት።

ላቮና